ሃያ እስኪቆጠር

ልጃችን ከቀኗ ሁለት ወር ቀድማ ስለተወለደች «እፍኝ» እላታለሁ። ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ እኔንና ባለቤቴን ጠርቶ፣ «ይቺን የምታህል ልጅ ትውከትና ተቅማጥ ከያዛት የሰውነቷ ውሃ ባንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል፤ አደራ» አለን። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አደራ ስሰማ ነው የምውለው። አደራ እንዳይጠበኝ፣ አደራ ለሰርጉ እንዲደርስ። እንዲህ ያለ አደራ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ክፋቱ ደግሞ ባለቤቴ ነርስ ናት። የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ሥራ በገባች በሁለተኛው ሳምንት፣ የምትሠራበት ክፍል ውስጥ የሆድ በሽታ ገባ። መጀመሪያ አንድ አልጋ፣ በማግስቱ ሦስት። ያን ዕለት ቤት ስትመለስ ደጃፍ ላይ ቆማ ሕግ አወጣች። የሥራ ልብሷን እዚያው ቀይራ በታሰረ ከረጢት ታመጣለች፤ ልብሱ ለብቻው በፍል ውሃና በበረኪና ይታጠባል፤ ጫማዋ ከደጅ አያልፍም፤ እጅ ደግሞ በሳሙና፣ ሃያ እስኪቆጠር።

«ኪስሽ ውስጥ ያለችው የእጅ ማጽጃ ጄልስ?» አልኳት።

«ይሄኛው ጀርም እሷን ከቁም ነገርም አይቆጥራት።»

ሕግ አውጪዋ እሷ፣ ዘበኛው እኔ ሆንን። ሹመት እንደምወድ ያወቅኩት ያኔ ነው። እፍኝን ታቅፌ ከመታጠቢያው ሁለት እርምጃ እርቅና እቆጥራለሁ። ልጅቷ የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ታለቅሳለች፤ የእናቷም ጡት ልቅሶዋን ሰምቶ ይፈሳል፤ ቀሚሷ ይረጥባል። «አሥራ አምስት ይበቃል፣ በናትህ ስጠኝ» ትለኛለች። «ሃያ!» እላለሁ፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ አንድ እጄን ዘርግቼ። አንድ ቀን እንባዋ ሲወርድ አየሁ። ሳሙና ገብቶባት ነው ብዬ አለፍኩት።

ማክሰኞ ስትመጣ፣ «ልትወድቅ የነበረች በሽተኛ ኪሴን ይዛ ቀደደችው። ለነገ ሌላ ቅያሪ የለኝም» አለችኝና ታጥባ ልጇን ተቀብላኝ ገባች። እኔና ከረጢቱ ተፋጠጥን። በእኛ ሙያ የተቀደደ ልብስ ሳይሰፋ አይታጠብም፤ ውሃ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ጠርዙን ይበትነዋል። ይህን ማንም ተለማማጅ ያውቃል። ከረጢቱን ፈትቼ ኪሱን በእጅ መርፌ ሰፋሁት። እንዴት ያለ ስፌት! ቀዳዳው የት ነበር ቢባል እኔም አላገኘው። ከዚያ ልብሱን አጠብኩ፣ ጠረጴዛውን በበረኪና ወለወልኩ፣ እጄንም እስከ ክርኔ ድረስ ታጠብኩ። ማንም ሳያዘኝ እስከ አርባ ቆጠርኩ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የስፌት መኪናዬ ላይ እንዳለሁ ሆዴ ተገለባበጠ። ወደ ጓሮው መጸዳጃ ሮጥኩ፤ ደጋግሜም ሮጥኩ። ባለቤቴ የዕረፍት ቀኗ ነበርና ድምፄን ሰምታ መጣች። የስፌት ክፍሉን ከቤቱ የሚለየው የመስታወት በር ነው፤ ከበሩ ወዲያ ቆመች።

«ከረጢቱን ፈተኸዋል?»

«ኪሱን ልሰፋልሽ ብዬ…»

«ሳይታጠብ?»

«ሳይሰፋማ አይታጠብም! ደሞ እጄን እስከ አርባ ቆጥሬ ነው የታጠብኩት።»

«ክሩን በምን ቆረጥከው?»

ክፍሉ ውስጥ ሦስት መቀስ አለ። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ክር የምቆርጠው በጥርሴ ነው።

«አመል ያወጣል ከመሃል» አለች። ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም። «ከዚያ ወዲህ እፍኝን ስመሃታል?»

ስሜያታለሁ። ረቡዕ፣ ግንባሯን።

ለአለቃዋ ደውላ ከማግስቱ ጀምሮ ከሥራ ቀረች። እኔ ከስፌት ክፍሉና ከጓሮው መጸዳጃ ሌላ የምረግጠው አልነበረኝም፤ ምግቤን ደፉ ላይ አስቀምጣልኝ ትመለሳለች። ትውከቱ ዓርብ ቀትር ላይ ቆመ። «ካቆመ በኋላም ሁለት ቀን ሙሉ እዚያው ትቆያለህ» አለችኝ ከመስታወቱ ወዲያ። ሁለት ቀን ሙሉ እፍኝ ባገሳች ቁጥር እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ወተት ከአፏ ጠብ ሲል መስታወቱ ላይ ተለጠፍኩ። ያቺን የረቡዕ መሳም መመለስ ቢቻል የስፌት መኪናዬን እሰጥ ነበር። ልጄ ስታለቅስ ክንዴ ዝም ብሎ መንጠልጠል አቃተው፤ እያፈርኩም ቢሆን ልናገረው፣ አንድ ጣቃ ጨርቅ ጠቅልዬ ታቅፌ ቆምኩ። ሁለት እርምጃ ነው መሃላችን ያለው። የባለቤቴ እንባ ከሳሙናው እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

እሁድ ከሰዓት በሩን ከፈተችልኝ። ልብሴን ቀይሬ መታጠቢያው ጋ ቆምኩ። እሷ እፍኝን ታቅፋ ሁለት እርምጃ ራቀች።

«አንድ» አለች።

አሥራ አንድ ላይ እፍኝ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት። «ይበቃል፣ በናትሽ ስጪኝ።»

«አሥራ ሁለት» አለች። ድምጿ ግን እንደኔ የፖሊስ አልነበረም። «አሥራ ሦስት። እኔም በየቀኑ እንዲህ ነው የምሆነው።»

«አሁን አወቅኩ። ይቅር በይኝ።»

«አሥራ አራት» አለች እሷም እያለቀሰች። የቀረውን አብረን ቆጠርን። ሃያ ላይ ልጄን ሰጠችኝ፤ እፍኝ ምንም አልሆነችም፤ አዛጋችብኝ።

ሰኞ ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ውሃውን አሙቄ ጠበቅኳት። መቀሴን በክር አስሬ አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ። ከረጢቱን ራሷ ወስዳ ልብሱን ዘፈዘፈች። ሳሙናውን ስታነሳ የእፍኝን ፊት ወደ እናቷ አዞርኩና፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አንድ» አልኩ።