አራት ዓመት ሳይሆን አራት ቀን

መምህርቷ ስህተቱን ያገኘችው ዓርብ ጠዋት፣ የሐሙሱን ጽሑፍ ፋይል ውስጥ ልታስገባ ስትል ነው። ዶክተሩ በመንግሥት የሥራ ቋንቋ የጻፈው «ይህች ፕላኔት ኮከቧን በአራት ቀን ትዞራለች» ይላል፤ እርሷ ወደ እናቷ ቋንቋ የመለሰችውና ትናንት ለሕዝብ የተላለፈው ግን «በአራት ዓመት» ይላል። በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ ያለ ስርዝ ድልዝ።

ሠላሳ አራት ዓመት ሳይንስ አስተምራለች። ጡረታ በወጣች በዓመቱ የሬዲዮ ጣቢያው ከሥርዓተ ፀሐያችን ውጭ ስላሉ ፕላኔቶች ፍለጋ በሁለት ቋንቋ የሚተላለፍ ዝግጅት ሲጀምር፣ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ወጪውን ከሚሸፍነው የምርምር ተቋም የመጣው ዶክተር፣ ሁለተኛውን እርሷ ያዙ። በእናቷ ቋንቋ ስለ ሩቅ ዓለማት በሬዲዮ የተናገረ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ስለዚህ አንዲት ቃል ለመምረጥ ሦስት ቀን የምትፈጅበት ጊዜ ነበር። የጣቢያው ሰዎች «ቲቸር ነጠላ ሰረዝ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትዘል ቀረጻ አስቁማ ከላይ ትጀምራለችና። ስሙን ታውቀዋለች፤ በውስጧም ትኮራበታለች።

ሰኞ የዝግጅቱ ኃላፊ ቢሮ ገባች። ስምንተኛ ክፍል ያስተማረችው ልጅ ነው።

«እርማት እፈልጋለሁ። አንድ ደቂቃ ይበቃኛል።»

«የምን እርማት ቲቸር?»

«አራት ቀን ማለት ሲገባኝ አራት ዓመት ብያለሁ። ሰው አሳስቻለሁ።»

ኃላፊው ሳቁን ዋጠ። «ታዲያ ማን ሄዶ ሊቆጥርባት ነው? ይተዋት፣ ትንሽ ቀስ ብላ ትዙር።»

«ስምንተኛ ክፍል ሳለህም መልስህ እንዲሁ ነበር።»

«ለዚህ እኮ ነው ኃላፊ የሆንኩት!» አለና እንደ መቆም ብሎ በሩን አሳያት። «እሺ፣ እናየዋለን።»

ማየቱ ሦስት ሳምንት ወሰደ። በዚህ መካከል መምህርቷን አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር። እነዚያ ፕላኔቶች በዓይን እንደማይታዩ ራሷ አስረድታ ነበር፤ አጥኚው የኮከቡን ብርሃን ሲጠብቅ ይቆይና፣ ብርሃኑ በየጊዜው ጥቂት ሲጎድል፣ አንድ ነገር በፊቱ ማለፉን ከጉድለቱ ያውቃል። አሁን ደግሞ እርሷን ያስጨነቃት ጉድለት ነው፤ አንድም ሰው አልወቀሳትም። የቋንቋዋ ተናጋሪዎች አንዲት ቃል ብታጣምም በደብዳቤ ወር ሙሉ የሚያሳድዱ ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሳይቀር እያስቆሙ ይጠይቋት ነበር፤ በኋላ ግን የውሃ ሽታ ሆኑ። ለምደውት ነው ብላ ነበር። አራት ዓመትን ግን እንዴት ያልፉታል?

በየሳምንቱ ሳታጓድል «ሰማሁሽ!» የምትላት ታላቅ እህቷ ብቻ ናት። መምህርቷ ራሷማ ዝግጅቱን ሰምታው አታውቅም። ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ያለፈው ሳምንት ቅጂ ከአንደኛው ስቱዲዮ ሲተላለፍ፣ እርሷ ሁለተኛው ስቱዲዮ ውስጥ በድርብ በር ተዘግቶባት የሚቀጥለውን ሳምንት ትቀርጻለች።

በአራተኛው ሐሙስ ማይክሮፎኑን ወደ ጎን ገፋችው። «እርማቱ ካልተቀረጸ አፌን አልከፍትም።»

ቴክኒሻኑ፣ በዕድሜ እርሷን የሚያህል ዝምተኛ ሰው፣ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ። «ቲቸር፣ ይተዉት ይቅር።»

«ለምን ይቀራል?»

«ያልወጣ ነገር ምኑ ይታረማል?»

መልስ ሳይጠብቅ ተነሥቶ ሁለቱንም በሮች ከፈተና የኮሪደሩን ድምፅ ማጉያ ከፍ አደረገው። ዶክተሩ እየተሰናበተ ነው፤ «ዝግጅታችን በሁለተኛው ቋንቋ ይቀጥላል» አለ። ቀጥሎ የመጣው ዘፈን ነው። ከዘፈኑ በኋላ የሳሙና ማስታወቂያ፣ ከሳሙናው በኋላ ሌላ ዘፈን።

«ከሦስተኛው ወር ጀምሮ እንዲህ ነው» አለ ቴክኒሻኑ።

«ታዲያ ምን ልትሆኑ ትቀርጹኛላችሁ?»

«ለሪፖርቱ። ተቋሙ የሚከፍለው በሁለት ቋንቋ ለሆነ ዝግጅት ነው፤ ቅጂው ይላክለታል።»

«አንተም ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር። በየሳምንቱ ዛሬስ ልንገራቸው እላለሁ፤ እንደዚያ ተጠንቅቀው ሲያነቡ ሳይ አፌ ይያዛል።»

ከጣቢያው ወጥታ በቀጥታ እህቷ ቤት ሄደች። እህቷ ገና ከበር ስታያት እጇን አጨበጨበች። «ሰማሁሽ! የዛሬውማ ከሁሉም በለጠ!»

መምህርቷ ቆመች። «ምን አልኩ፣ እትዬ?»

«ስለ ኮከቦቹ ነዋ! አቤት አነጋገርሽ፣ ቁርጥ እናታችንን!»

ዝግጅቱ ሲጀመር ገዝታ ያመጣችላት ሬዲዮ መደርደሪያው ላይ ነው፤ አቧራ እንኳ የለበትም። አነሣችው። ቀለላት። ጀርባውን ብትከፍተው ባዶ ነው። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ተሰማት።

እህቷ ዓይኗን ሰበረች። «ሰዓቱ ቆመብኝና ባትሪ ድንጋዩን ለጊዜው ብዬ ወሰድኩ። ከዚያ ረሳሁት… ደስ ይበልሽ ብዬ እንጂ በክፋት መሰለሽ?»

በክፋት አልመሰላትም። በክፋት ቢሆን ኖሮ መቆጣቱ ይቀላት ነበር።

ሰኞ ኃላፊው ራሱ አስጠራትና ወረቀት አቀረበላት። «ሠላሳ ሁለቱም ዝግጅቶች በሁለቱም ቋንቋዎች ለሕዝብ መተላለፋቸውን አረጋግጣለሁ» ይላል። ይህንኑ ዓይነት ወረቀት ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፈርማለች፤ ያን ጊዜ የፈረመችው ሐሰት መሆኑን አላወቀችም ነበር።

«መስማትዎን ሰምቻለሁ» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምን ላድርግ ቲቸር? የእርስዎ ቋንቋ ሲጀምር ሰው ጣቢያ ይቀይራል። አሁን ይፈርሙልኝና በሚቀጥለው ዓመት አምስት ደቂቃም ቢሆን አስለቅቅልዎታለሁ። እምቢ ካሉ ግን ሁሉም ይዘጋል፤ የዶክተሩም።»

«ሁለት ጊዜ ሳላውቅ ዋሽቼልሃለሁ። ሦስተኛውን አውቄ ልዋሽልህ?»

«ማንን ይጎዳል?»

እርሷም እስክሪብቶዋን አወጣችና ከዐረፍተ ነገሩ ሥር ጻፈች፦ «ከሦስተኛው ወር ወዲህ በሁለተኛው ቋንቋ የተላለፈ አንድም ዝግጅት የለም። በተጨማሪም፣ በሃያ ስምንተኛው ቅጂ አራት ዓመት የተባለው አራት ቀን ተብሎ ይታረም።» ፈረመች። ነጠላ ሰረዙን አልረሳችውም።

ዝግጅቱ በወሩ ተዘጋ። ዶክተሩ ደህና ሁኚ ሳይላት ሌላ ጣቢያ ገባ። ኃላፊው ኃላፊ እንደሆነ ቀረ። በእናቷ ቋንቋ የሚተላለፈው መቋረጡን ለስድስት ወር ያህል ልብ ያላለው የቋንቋው ማኅበር ሊቀመንበር ግን ዝግጅቱ በተዘጋበት ቀን ስልክ ደወለ።

«ስማችን እንኳ ወረቀት ላይ ነበር! አንቺ አስፋቅሽው።»

«አንድ ቀን አዳምጠኸው ታውቃለህ?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው!» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

እህቷ ጋር ለብዙ ጊዜ አልሄደችም። በመጨረሻ እህቷ ራሷ መጥታ እጇን ይዛ ወሰደቻትና ከፊቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «በይ አታኩርፊኝ። አሁን አንብቢልኝ፤ በገዛ ጆሮዬ ልስማሽ።»

መምህርቷ እርማቱን የጻፈችበትን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። ማይክሮፎን ፊት እንደምትቀመጠው ቀና ብላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። «ውድ አድማጮች፣ ይህች ፕላኔት ኮከቧን የምትዞረው በአራት ዓመት ሳይሆን…»

«ጎሽ!» አለች እህቷ። ዓይኗ ግን ወደ ግድግዳው ሰዓት ሄዶ ነበር። «ብዙ ይቀረዋል እንዴ?»

«የለም» አለች መምህርቷ፣ ወረቀቱን እያጠፈች። «አልቋል።»