ከቤታቸው እንዲወጡ

ጸሐፊዋን በጤና ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «አራት ነጥብ» ነው የሚሏት። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የመዝገብ ቤት ሰዎች ናቸው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ዐረፍተ ነገር ሳትዘጋ የለቀቀችው ደብዳቤ አይተው ስለማያውቁ። እሷም በሆዷ ስሙን ትወደዋለች፣ ሰው ፊት ግን የተቆጣች ትመስላለች። የኃላፊውን የእጅ ጽሑፍ አንብቦ የሚረዳ ሰው በሕንፃው ውስጥ ከእሷ በቀር አልነበረም። ኃላፊው ራሳቸው እንኳ አንዳንዴ ረቂቃቸውን ይዘው መጥተው «እዚህ ጋ ምን ብዬ ነበር የጻፍኩት?» ብለው ይጠይቋታል።

ትኩሳቱ ከተማ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊው ግማሽ ገጽ ረቂቅ ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አድርገው «በአሥር ደቂቃ!» ብለዋት ወጡ። ስልኩ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ በማስኩ ላይ ሽቅብ የሚወጣው ትንፋሿ መነጽሯን ያደበዝዘዋል። እንደምንም ጻፈችው። ኃላፊው ሳያነቡ ፈረሙ፣ መዝገብ ቤት ሳያነብ ማኅተም አሳረፈበት፣ አራት መቶ ቅጂ ተባዝቶ ከሰዓት በኋላ በየግድግዳው ተለጠፈ።

ረቂቁ የሚለው፣ ትኩሳት ያለበት ሰው የሚገኝበት ቤት ነዋሪዎች በሙሉ ለጽሕፈት ቤቱ እንዲያሳውቁና ለሃያ አንድ ቀን ከቤታቸው እንዳይወጡ ነበር። የተለጠፈው ግን «ለሃያ አንድ ቀን ከቤታቸው እንዲወጡ» ይላል። «ዳይ» መሆን የነበረበት «ዲ» ሆነ። የሆነው ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሰው ድሮውንም ፈርቷል። የሙቀት መለኪያው ግንባር ላይ ሲደገን አእምሮ ያደርቃል የሚል ነበረ። አምቡላንስ የወሰደውን ሰው በመርፌ ይጨርሱታል የሚልም ነበረ። አሁን ደግሞ መንግሥት በሽተኛ ያለበትን ቤት ሊያስለቅቅ ነው፣ ባዶውን ቤት ለማን እንደሚሰጥም ታውቋል ተባለ። ለማን ሲባል ሁሉም እንደየቂሙ የየራሱን ሰው ይጠራል። ትኩሳት የያዘው ሁሉ ጓዳ ገባ፤ ሳሉንም በትራስ ያፍነው ጀመር።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በአንጻሩ ደስታ ሆነ። በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ ይጮኽ የነበረው የጥቆማ ስልክ በማግስቱ አሥራ አንድ ጊዜ ጮኸ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ጊዜ ብቻ፣ አንዱም ቁጥር ተሳስቶ የደወለ ሰው ነው። ኃላፊው ሠራተኛውን ሰብስበው «የወሰድነው እርምጃ ፍሬ አፍርቷል» አሉ። ተጨበጨበ። ጸሐፊዋም አጨበጨበች።

ከስብሰባው ወጥታ እጇን ለመታጠብ ተሰለፈች። ሰልፉ ፈቀቅ አልል ሲላት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማንበብ ያዘች፤ ሰው የገዛ ጽሑፉን የሚያነበው ለሌላ አይደለም፣ ትንሽ ልኩራ ብሎ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ክው አለች። ደገመችው። ከኋላዋ ያለው ዘበኛ «ተራሽ ደርሷል እኮ እህቴ» ቢላት አልሰማችም። ወረቀቱን ነቅላ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሮጠች።

«ይሄ ተሳስቷል» አለቻቸው።

ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበቡት። 

«ማን ማን አይቷል?»

«ከተማው በሙሉ።»

«ከመሥሪያ ቤቱ ማለቴ ነው።»

«እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ።»

«እንግዲያው አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ። ዛሬ ማረሚያ ብናወጣ ምን ይባላል? ትናንት ውጡ አሉ፣ ዛሬ አትውጡ አሉ፣ የሚሉትን አያውቁም ይባላል። ሕዝብ ይደናገጣል። ቁጥሩ ደግሞ ወርዷል።»

«ሰው ተደብቆ እኮ ነው የወረደው!»

«ወርዷል አልኩሽ። ሪፖርቱም ወደ በላይ ሄዷል።» ማኅተሙንም ከመዝገብ ቤት አስመጥተው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት።

ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ ስትቀመጥ ነው ታላቅ እህቷ ድቅን ያለችባት። ጠዋት ደውላ «ጋሼስ ደህና ነው?» ብላ ጠይቃት ነበር። ጋሼ የምትለው የእህቷን ባል ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እህቷ «ደህና ነው፣ ሥራ ሄዷል» አለቻት። ጸሐፊዋም በሥራ ተወጥራ ልብ ሳትለው ስልኩን ዘጋችው። አውቶቡሶች ከቆሙ ግን አምስት ቀን ሆኗቸዋል። አውቶቡስ ይቁም የሚለውን ደብዳቤ የጻፈችውም እሷው ናት። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

እህቷና ባሏ የሚኖሩት በኪራይ ነው። አከራዩ ፊት ለፊታቸው ባለው ቤት ይኖራል፤ ማስታወቂያውን ራሱ በሙጫ ግቢው በር ላይ ለጥፎ፣ «እንዲወጡ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል። ጸሐፊዋ በአጠገቡ አልፋ የእህቷን በር አንኳኳች።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺ።»

«ራሴን አሞኝ ተኝቻለሁ፣ ነገ ነይ» አለች እህቷ ከውስጥ።

«ጋሼስ?»

«ሥራ ሄዷል አላልኩሽም?»

«ምን ሥራ? አውቶቡሱን በጀርባው ተሸክሞ ነው የሚሠራው?»

ከወደ ጓዳ የታፈነ ሳል ተሰማ።

«እትዬ ስሚኝ። ወረቀቱ ስህተት ነው። ማንም ከቤት አያስወጣችሁም። ሊባል የተፈለገው አትውጡ ነው።»

«ማኅተም አለበት እኮ።»

«ማኅተም ቢኖርበትስ!»

«ፊርማም አለበት። እነሱ ናቸው የላኩሽ። እሱን ይወስዱታል፣ እኔን ከነጓዜ መንገድ ላይ ይጥሉኛል። ይሄ አከራያችን እንደሆነ አንድ ሳል እስኪሰማ ነው የሚጠብቀው። በይ ሂጂልኝ፣ አታስበይኝ።»

ጸሐፊዋ ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች። እስካሁን ስህተት ነው ትላለች እንጂ የማን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። ለኃላፊው እንኳ «ተሳስቷል» ነበር ያለቻቸው፣ ወረቀቱ ራሱን በራሱ የጻፈ ይመስል። እህቷ ከእናታቸው ሞት በኋላ ያሳደገቻት ናት፤ ትምህርቷንም ያስተማራት ይሄ አሁን ጓዳ ውስጥ የሚስለው ሾፌር ነው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «ዳይ ልል ዲ አልኩ። ስልኩ ይጮኽ ነበር፣ መነጽሬ አላሳይ ብሎኝ ነበር፣ ግን እኔው ነኝ። ተሳሳትኩ፣ እትዬ።»

ከዚያ መቀርቀሪያው ተሳበ።

«እነሱ ቢልኩሽ ኖሮ ተሳሳትኩ አትይም ነበር» አለች እህቷ። ዐይኗ በርበሬ መስሏል። «ሦስት ቀን ሙሉ ውሃና ሎሚ ብቻ ነው የሰጠሁት። ከዋሸሽኝና ካስወጡኝ፣ አንቺም አብረሽኝ መንገድ ላይ ታድሪያለሽ።»

«እሺ» አለች ጸሐፊዋ። ደጅ ቆማ መደወል ትችል ነበር። ከገባች ሃያ አንድ ቀን እንደማትወጣም ደንቡን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ገባች።

ሾፌሩ ጓዳ ውስጥ ከከሰል ጆንያው ጀርባ ፍራሽ ላይ ተኝቷል፤ ፊቱ ከስቶ ጺሙ ብቻ ቀርቷል። ሲያያት ሊስቅ ሞከረ። «አራት ነጥብ መጣች? በቃ፣ አለቀልኝ ማለት ነዋ!»

«ዝም በል ጋሼ፣ ትንፋሽህን ቆጥብ» አለችውና ወደ ጥቆማው ስልክ ደወለች። በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ፤ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ስልክ ነዋ።

ነጭ የለበሱት ሰዎች አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ደረሱ። መንደሩ በመስኮትና በበር ቀዳዳ ያያል። አከራዩ ትርፍ ቁልፉን ይዞ ደጁ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ በቃሬዛ ወጣ፤ ሁለቱ ሴቶች በሩ ላይ ቀሩ። ከመጡት አንዷ ነርስ «ሁለታችሁ ሃያ አንድ ቀን ከዚህ በር አትወጡም፤ ምግብ እኛ እናመጣለን» አለቻቸው።

«አይወጡም እንዴ?» አለ አከራዩ።

«ማን ነው የሚያስወጣቸው?»

ወረቀቱን አሳያት። ነርሷ አንብባ ስትጨርስ በማስኳ ውስጥ የተናገረችውን ሰው አልሰማም፣ ባይሰማም ደግ ነው። ከዚያ ወረቀቱን ገንጥላ ኪሷ ከተተችው።

መንደሩ አየ። የተጣለ ሻንጣ የለም፣ የታሸገ በር የለም፤ ሁለት ሴቶች ቤታቸው ገብተው በራቸውን ዘጉ፣ አለቀ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከሦስተኛው ቤት ተደወለ። በሁለት ቀን ውስጥ ከዚያች መንገድ ብቻ ዘጠኝ ሰው ከየጓዳው ወጣ፤ ወሬው ወደ ሌላውም ሰፈር ሮጠ። ኃላፊው ደወሉላት።

«ምንድነው ያደረግሽው? ቁጥሩ እኮ ሰባ ሁለት ገባ!»

«ተመስገን» አለችና ጆሯቸው ላይ ዘጋችባቸው። በአለቃ ላይ ስልክ ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ነው።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሐኪሙ ደወለ። የደወለው ለጸሐፊዋ ነው። ሾፌሩ ጠዋት አርፏል፤ ቀብሩን ሠራተኞቹ ይፈጽማሉ፣ ቤተሰብ መገኘት አይችልም። «ሦስት ቀን ቀደም ብሎ መጥቶ ቢሆን…» አለና የቀረውን ዋጠው።

እህቷ ፊት ለፊቷ ቆማለች። ጮኻ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ባሏን በስሙ እየጠራች ደረቷን መታች። ብዙ ቆይታ «ሐኪሙ ሌላስ ምን አለሽ?» ብላ ጠየቀች።

ጸሐፊዋ ልትደብቃት ትችል ነበር። «ሦስት ቀን ዘግይቷል አለ» አለቻት።

«ውጪልኝ» አለች እህቷ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ከዚያ ጮኸች፦ «ከቤቴ ውጪልኝ! ዐይንሽን አላየውም!»

ጸሐፊዋ ጫማዋን አድርጋ በሩን ከፈተች። ግቢው በር ላይ የተመደበው ጠባቂ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «እህቴ፣ መውጣት አይቻልም» አላት። ታውቃለች። በሩን መልሳ ዘጋችውና እዚያው ሥር ቁጭ አለች።

ለቅሶ የሚደርስ ሰው አልነበረም። የሾፌሩ የሥራ ጓደኞች በስልክ አለቀሱ። ጎረቤቶች ከየመስኮታቸው ለእህቷ እጃቸውን አነሱላት፤ አከራዩም ጭምር አነሳ። ከዚያ መስኮቶቹ ተዘጉ። እህቷ ክፍሉ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ስትመላለስ ቆየች። ከቀትር በኋላ መጥታ ጸሐፊዋ ራስ ላይ ቆመች።

«ሌላ የማለቅስበት ሰው ቢኖረኝ አንቺ ጋ አልመጣም ነበር» አለች።

አጠገቧ ተቀምጣ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣለችና አለቀሰች። ጸሐፊዋም እጇን የት እንደምታደርገው ለጥቂት ጊዜ ጨነቃት፣ ከዚያ አቀፈቻት። ገና አሥራ ስድስት ቀን ይቀራቸዋል።