የተከፈተበት ቀን

«አራት... አምስት... ስድስት።»

ስድስተኛው ጠብታ ሲወርድ በብልቃጧ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ውሃ ቢጫ ሆነ። ስድስት። ስምንት መሆን ነበረበት። ትናንትም ስድስት፣ ከትናንት ወዲያም ስድስት። በየቀኑ አንድ ማንኪያ ነጭ ዱቄት የዓሳ ገንዳው ውስጥ ትጨምራለች፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም።

ኳ ኳ ኳ። ባሏ በደህናው እጁ የአልጋውን ብረት ይመታል።

«መጣሁ! ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለኝ!»

የጠብታውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፖፖውን ይዛ ሄደች። ብርድ ልብሱን ገለጠች። እጇን ገፋው።

«ሽንትህ ካልመጣ ምን ያስደበድብሃል?»

ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ወረወረ። ስትሮክ ከመታው አምስት ወሩ ነው። አፉ ወደ ግራ እንደተንጋደደ ቀርቷል፤ አንዲት ቃል አልተመለሰችለትም። ሰሞኑን ደግሞ ይሄን አምጥቷል፦ እሷ ጠረጴዛው ጋ ስትቆም ያንኳኳል፣ ፖፖ ስታመጣለት ይገፋል። «ተንኮል ጀምሯል» ብላ ለእህቷ በስልክ ነግራታለች።

ሃያ ዓመት የሆቴልና የክሊኒክ አኳሪየም ሲያጥብ፣ ዓሳ ሲያክም የኖረ ሰው ነው። የራሱ ገንዳ ግድግዳውን ይዞ ተዘርግቷል። መሃሉ ላይ ያለውን ኮራል የአውራ ጣት ጥፍር ሲያክል አምጥቶ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ትሪ እስኪያክል አሳደገው። «ድንጋይ አይደለም፣ ነፍስ አለው» ይላት ነበር። «ነፍስ ካለው ይናገራ!» ትለው ነበር። ያኔ ሁለቱም ይስቁ ነበር።

ከሆስፒታል ሲመጣ ዘጠኝ ቀን አፉን ለምግብ አልከፍትም አለ። ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። በአሥረኛው ቀን ከጎረቤት ጋር አልጋውን ገፍታ ገንዳው ፊት አቆመችው። ያለ መነጽር ብርሃኑንና የዓሳዋን ብርቱካንማ ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ መነጽሩን አደረገችለት። ኮራሉን አየው፤ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ እንደሚቆጥር ሰው። ከዚያ አፉን ከፈተ። ከዚያ ቀን ወዲህ መጀመሪያ መነጽር ነው፣ ከዚያ ማንኪያ።

ዛሬ ከሰዓት መስታወቱን ስትወለውል የስልኳን መብራት አብርታ በግድግዳው በኩል ወደ ኋላ አየች። የኮራሉ ጀርባ ነጭ ነበር። እንደ አጥንት ነጭ። ፎቶ አንስታ ለቱቦ ላከች።

ቱቦ የባሏ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ከረጅምነቱ ከቀጭንነቱ የተነሳ ስሙን የሚጠራው የለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰ።

«እንዴት ነህ ወንድሜ! ዓሳህ ወፈረች፣ እኔ እንደሆንኩ እንዳየኸኝ ነኝ!»

ኳ ኳ ኳ።

«ሰላም ማለቱ ነው» አለች።

ቱቦ ጎንበስ ብሎ በኋላ በኩል ባትሪውን አበራ። ሲያፏጭ ነበር፤ አቆመ። በራሱ መፈተሻ ብልቃጥ ውሃ ቀዳ፤ የሷንም የጠብታ ጠርሙስ ከጠረጴዛው አንስቶ በአገጩ ወደ ወጥ ቤት ጠቆማት።

የገንዳው መድኃኒቶች የተደረደሩት እዚያ ነው። ባሏ ከትልልቅ ዕቃ እየገለበጠ ያስቀመጣቸው ብልቃጦች፣ ጠርሙሶች፣ ቆርቆሮዎች።

«ምን ስትሰጪው ነበር?» ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

«ያለውን። መደርደሪያው ሙሉ ነው።»

አንዱን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ። «ይሄ ውሃ የሚያጸዳ ባክቴሪያ ነበር። አሁን ሬሳ ነው። አስገብተሻል?»

«ሸተተኝና ተውኩት።»

«ተመስገን። እዚህ የነበረው የካልሲየም ባልዲስ?»

«ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ጣልኩት።»

«ውይ! እሱ እኮ ደህና ነበር። ድንጋይ ቢሆንም ውሃ ሲያገኝ ይሟሟል፣ አይበላሽም።»

«እኔ በምን ልወቅ?»

«አትቆጪ።»

«አልተቆጣሁም!»

ከኪሱ አዲስ የጠብታ ጠርሙስ አወጣ። መቁጠር ጀመረ። ስድስት ላይ ሰማያዊ ነው። ስምንት ላይ ሰማያዊ ነው። አሥራ አራተኛው ላይ ቢጫ ሆነ።

«የኔ ስድስት ነው የሚለው» አለች።

ቱቦ የሷን ጠርሙስ አንስቶ ክዳኑን ነካ አደረገው። በአንድ ጣት ዞረ። «ላልቷል። ስንት ወር ሲተን እንደኖረ እንጃ። ውሃው ሄዶ መድኃኒቱ ብቻ ጠንክሮ ቀርቷል፤ አንዷ ጠብታ የሁለት ጉልበት አላት። ገንዳው ጠግቦ ሊፈነዳ ነው፣ ይሄ ግን ርቦታል ይልሻል። አንቺም ታጎርሺዋለሽ።»

እሷም ክዳኑን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ዞረ።

«የሚገርመኝ፣ እሱ እኮ ይሄን ከስድስት ወር በላይ አያቆይም። ሲከፍት ቀኑን በማርከር ይጽፍበታል፣ ቀኑ ሲያልፍ ይደፋዋል። እኛንም ያስለመደን እሱ ነው። እስኪደፋቸው ድረስም ቀናቸው ያለፈውን መደርደሪያው ታች ያቆያቸዋል።» ጠርሙሱን አገላበጠው። «ጽሑፉ የታለ?»

ባሏ ሆስፒታል በገባ በሁለተኛው ቀን፣ «እቤት ሄደሽ ተኚ» ብለዋት መጥታ፣ መተኛት አቅቷት መደርደሪያውን አውርዳ አጽድታው ነበር። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ አሥራ አንድ ዓመት። በየወሩ ኤክስፓየር ያደረገውን ከመደርደሪያ የምታወርደው እሷ ነች። እዚያ ማንም ጠርሙስ ላይ በእጁ አይጽፍም፤ ከጻፈም በአልኮል ይጠረጋል። እና ጠረገች። እነዚያን የተንጋደዱ ቁጥሮች በጥጥ፣ አንድ በአንድ። የላይኛውን ከታችኛው ቀላቅላ በቁመታቸው ደረደረቻቸው። ሲያበሩ አይታ ደስ ብሏት ነበር። በዚያ ሳምንት ደስ ያላት በዚያ ብቻ ነው።

«ጠረግኩት።»

«ምኑን?»

«ቀኑን። ሁሉንም። በአልኮል።»

«የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ሆነሽ?» ከአፉ አመለጠው። «ማለቴ...»

«ማለትህ ነው። ልክ ነህ።» ግድግዳውን ተደገፈች። «ያቺን ጠርሙስ ባነሳሁ ቁጥር ያንኳኳ ነበር።»

«ማን? እሱ?»

«የፊተኛዋ አልቃብኝ እሷን ካወረድኩ ጀምሮ፣ ሳምንቱን ሙሉ። እኔ ደግሞ ፖፖ ይዤለት እሮጣለሁ።»

ቱቦ ሳቁ መጣበት፤ አፉን በመዳፉ ያዘ። ሲለቀው ዓይኑ ቀልቷል።

«ኮራሉ ይድናል?» አለችው።

«ግማሹን ውሃ አሁን እቀይርልሻለሁ። ግን ሥጋው ከኋላ እየተገፈፈ ነው የሚመጣው። ነገ፣ ቢዘገይ ከነገ ወዲያ እሱ በሚያየው በኩል ይደርሳል።»

«የሚመስለውን ፈልገን እንተካ።»

«ማንን ልታታልዪ? እያንዳንዷን ቅርንጫፍ ያውቃታል። የልጅ ፊት ይተካል?»

ውሃውን ቀየረ። ለባሏ ቀልድ ጀምሮ መጨረሻው ጠፋበት። «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ፤ ባትሪውን ረስቶ።

ሾርባውን አሙቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከዚህ በኩል ኮራሉ አሁንም ቡናማ ነው፣ ጫፎቹ ወይን ጠጅ። ዓሳዋ በቅርንጫፎቹ መሃል ትሽሎከለካለች። ባሏ ግን ገንዳውን አይደለም የሚያየው፤ ባዶዋን ጠረጴዛ ነው። ከዚያ እጆቿን አየ።

«ጠርሙሷን ጣልኳት» አለችው። «ገባኝ። ይቅርታ፣ ዘግይቶ ነው የገባኝ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ረጅም ትንፋሽ ወጣው። ሲገልጠው ደህናው የአፉ ጎን ወደ ላይ ተነሳ፤ በአምስት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ። በደህናው እጁ የአልጋውን ብረት ሳይሆን የሷን ጉልበት መታ መታ አደረገ።

ለኮራሉ በጊዜ የደረሰችለት መስሎታል።

ልትነግረው አፏን ከፈተች። እሱም ከፈተ። ማንኪያውን አስገባችለት።

ሾርባውን ጨረሰው። ጨርሶ የማያውቀውን ሳህን እስከ ታች። በየጉርሻው መሃል ኮራሉን ያያል፣ እሷን ያያል።

«መነጽርህ ቆሽሿል» አለች ስትነሳ። «ልጠበው።»

ወጥ ቤት ገብታ በሩን ገፋችው። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፣ ድምፅ እንዲያፍን። ያለ መነጽር ነጩን ከቡናማው አይለይም። የመነጽሩን እጀታ ብቻ ብትሰብረው ቱቦ በሽቦ ያስረዋል። ስለዚህ በጨርቅ ጠቅልላ መሃሉን በሁለት እጇ ያዘችና ቆለመመችው። አልሰበር አለ። ጥሩ መነጽር ነበር፤ አብረው ሄደው የመረጡት።

መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ተረከዟንም አነሳች።