ሁለት ጊዜ የማይከፈልበት እራት

ባሏ ላየል ለአንድ እራት ሁለት ጊዜ የሚከፍል ሰው እንዳልሆነ ኔሪዳ የሽርሽር መርከቡ ላይ ሳይወጡም ታውቃለች። እንዲያም ሆኖ ተስፋ አድርጋ ነበር። ሲድኒ ወደብ ላይ ሻንጣቸውን አስረክበው ገና ወደ ውስጥ ሲዘልቁ፣ ቀይ ሰደርያ የለበሰች ልጅ በፈገግታ ተቀብላቸው በላይኛው ፎቅ ስላለው ስቴክ ቤት ማውራት ጀመረች።

“የኔ እመቤት፣ እራት ከቲኬቱ ጋር ተከፍሎበት የለም እንዴ?” አላት ላየል።

“የትልቁ አዳራሽ አዎ፣ ተከፍሎበታል። ይሄኛው ግን ልዩ ነው። በሰው ስልሳ ዶላር ብቻ ይጨመርበታል።”

“ልዩ የሚያደርገው ምኑ ነው? በሬው ዘፋኝ ነበር?”

ልጅቷ ሳቀች። ከኋላ የተሰለፉትም ሳቁ። ላየል ዞር ብሎ ለሳቁት ሰዎች ኮፍያውን ነካ አደረገላቸውና ከአንዱ ጋር ስለ ዝናብ ወሬ ጀመረ። ኔሪዳ ግን አልሳቀችም። ልጅቷ በያዘችው ሥዕል ላይ፣ መስኮት ሥር የተቀመጠች ባለ ሁለት ወንበር ጠረጴዛ አይታ ዓይኗ እዚያው ቀርቷል።

ነገሩ የሥጋ አምሮት አልነበረም። ኩናምብል አጠገብ ዕድሜ ልካቸውን በግ ሲያረቡ የኖሩ ሰዎች ሥጋ ምን ይሠራላቸዋል! የኔሪዳ ጭንቀት ሌላ ነው። እርሻውን ሸጠዋል። ከዚህ ጉዞ ሲመለሱ ታምወርዝ ከተማ ወደ ገዟት ትንሽ ቤት ይገባሉ፤ ሁለቱ ብቻ። በአርባ ዓመት ትዳራቸው ደግሞ ሁለቱ ብቻ ሆነው ማዕድ የቀረቡበት ቀን ትዝ አይላትም። መጀመሪያ የላየል አባትና ሁለት ወንደላጤ አጎቶቹ ነበሩ። ቀጥሎ ልጆቹ መጡ። በግ ሸላቾቹ በየዓመቱ መጥተው ይሰፍሩባቸዋል፤ አጥር ሠሪው፣ ጉድጓድ ቆፋሪው፣ መኪናው የተበላሸበት መንገደኛ፣ ሁሉም እነሱ ቤት ይበላል። ልጆቹ አድገው ከወጡ በኋላ እንኳ ላየል ከመንገድ ሰው ይዞ መግባቱን አልተወም። ቤታቸው እንደ ወፍጮ ቤት ሰው አይጠፋበትም ነበር።

እና ኔሪዳ ፈርታለች። ታምወርዝ ገብተው፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሁለት ሳህን ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ የሚባባሉት ነገር ቢያጡስ? የሚያጡ ከሆነ ደግሞ ሳይገቡበት ብታውቀው ይሻላታል።

በመጀመሪያው ቀን የትልቁን አዳራሽ የአስተናጋጆች አለቃ ለብቻው ጠርታ የሁለት ሰው ጠረጴዛ ይኖር እንደሆነ ጠይቃው ነበር። ትንንሾቹ ሁሉ ቀድመው ተይዘዋል አላት። ላየል ቲኬቱን ሲቆርጥ “ከሌሎች ጋር መቀመጥ እንፈልጋለን” ብሎ ኖሮ፣ ስድስት ሰው የሚቀመጥበት ክብ ጠረጴዛ ደርሷቸዋል። ማታ ማታ ደግሞ በተመደበልህ ቦታ ከተመደቡልህ ሰዎች ጋር ነው የምትበላው። ቁርስና ምሳ ላይ ምርጫው የራስ ነው፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ላየል ሳህኑን ይዞ ዘወር ዘወር ይልና ሰው የበዛበት ጠረጴዛ ላይ ሄዶ ጉብ ይላል።

የጠረጴዛ ጓደኞቻቸው ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዱ ወገን ከባላራት የመጡት ኬልና ሚስቱ ኖሊን ናቸው። ሌላው ወገን ጡረታ የወጡ ሁለት አስተማሪዎች፣ የታዝማኒያ እህትማማቾች። በመጀመሪያው ማታ ላየል ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ቄሱን ስላባረረው አውራ በግ አወራላቸው። እህትማማቾቹ በሳቅ እንባቸውን ጠረጉ። ኬል ወይን አዘዘና “ዛሬ በእኔ ነው” አለ። በማግስቱ ላየል “ዛሬ ደግሞ በእኔ” አለ። እንዲህ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም፤ ተራው ሳይደርስ ሹልክ ያለ ሰው የሚታማውን ያህል ሚስቱን የፈታ ሰው አይታማም።

በሦስተኛው ማታ ወሬው ወደ ኔሪዳ ዞረ። “አንድ ቀን እኮ እሷ የሱፍ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባት ዋለች” ብሎ ላየል ለኖሊን ጀመረ። ጀመረ፣ አጣፈጠ፣ ጨረሰ። ዓይኑ ከኖሊን ወደ ኬል፣ ከኬል ወደ እህትማማቾቹ ይዞራል፤ ወደ ባለታሪኳ ግን አንድ ጊዜም ዘወር አላለም። ኔሪዳ የራሷን ታሪክ እንደ ጎረቤት ወሬ አዳመጠችና ከሌሎቹ ጋር ሳቀች።

በነጋታው ከኑሜያ ወደብ ተነሥተው ባሕሩ ላይ ሲጓዙ፣ ሁለቱ መርከቡ ጠርዝ ላይ ቆመው ሳለ ነገሩን አነሣችው።

“ላየል።”

“እ?”

“አንድ ማታ ላይኛው ቤት እንብላ። ሁለታችን።”

“ዘፋኙ በሬ ጋ?”

“አዎ፣ እሱ ጋ።”

“ኔር፣ ተከፍሎበታል እኮ! እታች በግ አለልሽ፣ ዓሣ አለልሽ፣ ያ ስሙን የማልጠራው የፈረንሳዮች ነገር አለልሽ። ድገሙኝ ብትያቸው ይደግሙሻል። የተከፈለበትን እንደገና የሚከፍል ጅል ነው።”

“የምከፍለው ለሥጋው አይደለም።”

“ታዲያ ለምኑ?”

“ሰው ስለሌለበት።”

ላየል ጆሮ ዳባ ልበስ ለማለት ሞከረ። “ያውልሽ፣ ዓሣ ነባሪ!” ብሎ ወደ ባሕሩ ጠቆመ። ዓሣ ነባሪ የሚባል ነገር አልነበረም።

“ታምወርዝ ስንገባ ከማን ጋር ነው የምትበላው?” አለችው።

“ካንቺ ጋር ነዋ! ከማን ጋር እበላለሁ?”

“እንግዲያው አንድ ማታ እንለማመደው።”

“ሰው ከገዛ ሚስቱ ጋር መብላት ይለማመዳል እንዴ?”

“እኛ እንለማመዳለን።”

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ላየል እሷ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ስትናገር ነገሩ የምር መሆኑን ያውቃል። ኮፍያውን አወለቀ፣ ውስጡን አየ፣ መልሶ አጠለቀው።

“እሺ” አለ በመጨረሻ። “ለነገ ማታ ቦታ እይዛለሁ። ራሴ ሄጄ።”

ኔሪዳ የዚያን ቀን እንደ ልጃገረድ ደስ ሲላት ዋለ። በማግስቱ ለልጃቸው ሠርግ የገዛችውን ሰማያዊ ቀሚስ ከሻንጣው ሥር አወጣችና ሰቀለችው። ምን ምን እንደምትለውም አሰበች። ስለ አዲሱ ቤት ጓሮ፣ ውሻውን ይዘውት ስለመሄዳቸው፣ ስለ ልጆቹ። ካሰበችው ውስጥ ግማሹ ሰው ፊት የማይባል ነበር፤ ስለዚህም ለዓመታት ሳይባል ቀርቷል።

ከምሳ በኋላ መዋኛው አጠገብ አረፍ ብላ ሳለ ኖሊን ከሩቅ እጇን እያውለበለበች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

“ባልሽ ወርቅ ነው! ወርቅ!”

“ምን አደረገ ደግሞ?”

“አልነገረሽም? ዛሬ ማታ ላይኛው ቤት ነን፤ ስድስታችንም! ኬል ግማሹን እኔ ልቻል ቢለው፣ ‘በእኔ ነው አልኩ፣ በእኔ ነው’ ብሎ አፉን አስያዘው። እህትማማቾቹማ ምን እንደሚለብሱ ጨንቋቸዋል።”

“ጥሩ ነው” አለች ኔሪዳ ከአንገት በላይ ፈገግ ብላ። ጭንቅላቴን አሞኛል ብላ ወደ ክፍላቸው ወረደች።

ላየል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲቦርሽ አገኘችው። ፊቷን ሲያይ ቡርሹ ቆመ።

“ሰምተሻል።”

“ሰምቻለሁ።”

“ኬል ነው ያመጣው። ባሩ ጋ ተቀምጠን ‘እንግዲህ ማታ እዚያው’ ሲለኝ፣ አንመጣም አልኩት። ‘ወዴት ልትሄዱ?’ አለኝ። ወደ ላይ አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ፣ ኔር። ጠረጴዛውን ጥለን ልንሄድ እኮ ነው! በዚያ ላይ የወይኑ ተራ የእኛ ነበር። ‘በሉ ኑ፣ በእኔ ነው’ የሚለው ሳላስበው አመለጠኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን አይመለስም።”

“ለሁለት ሰው መክፈል ጅልነት ነው ያልክ ሰውዬ፣ ለስድስት?”

“ስድስት ይቀለኛል” አለ ላየል።

ያለውን እሱም ሰማው። ኔሪዳ በንዴት ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

“ምን ማለት ነው ይቀለኛል?”

“ሁለት ሰዓት ሙሉ ምን እልሻለሁ?” አለ ቡርሹን ትኩር ብሎ እያየ። “በጎቹ ተሸጡ። ዝናብ ቢመጣ ባይመጣ ከእንግዲህ የእኔ ጉዳይ አይደለም። ቀልዶቼን ሁሉ በቃልሽ ታውቂያቸዋለሽ። እዚያች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠሽ፣ ‘ይሄ ሰውዬ ለካ ባዶ ነው’ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ይኸው፣ እውነቱ ይሄ ነው።”

ኔሪዳ ልትጮህበት የከፈተችውን አፏን ዘጋችው። የምትፈራው እሷ ብቻ መስሏት ነበር። ንዴቷ አልበረደም፤ አሳዘናትም፤ ትንሽ ሳቅ ሳቅም አላት፤ ሦስቱም አንድ ላይ መጡባት። አጠገቡ ተቀመጠች።

“ግብዣው አይመለስም?”

“ሞቼ ነው?”

“ማንም መልሰው አላለህም። ይሂዱ፣ ይብሉ፣ ይጠጡ። እኛ እታች እንወርዳለን።”

“ጋባዡ የሌለበት ግብዣ የት አገር አየሽ?”

“ገንዘብህ ይወክልሃል።”

“ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?”

“አንተ ምንም አትነግራቸውም፤ ያንተን ንግግር አይተነዋል” አለችና ስልኩን አነሣች።

ለኖሊን አልዋሸቻትም። ከባሌ ጋር ብቻዬን መብላት እፈልጋለሁ፣ እናንተ ሂዱና እስኪበቃችሁ ብሉ፣ ቅር እንዳይላችሁ አለቻት።

“ታድለሽ” አለች ኖሊን። “እኔ ከኬል ጋር ብቻዬን ብቀመጥ የክሪኬት ጨዋታ ውጤት ነው የሚቆጥርልኝ። በይ ሂጂ፣ ቀሚሱን ግን እንዳትተዪው።”

በእራት ሰዓት ትልቁ አዳራሽ እንደወትሮው ሞልቷል። የእነሱ ክብ ጠረጴዛ ብቻ ባዶዋን ትጠብቃለች። አስተናጋጃቸው ዋያን ወንበር ሳበላቸውና ዙሪያውን አየ።

“ሌሎቹስ ጌታዬ?”

“ላይ ናቸው። እኔ ጋብዣቸው።”

“እርስዎስ?”

“እኔ እዚህ ተጋብዣለሁ” አለ ላየል፤ በዓይኑ ወደ ኔሪዳ ጠቁሞ።

ዋያን አራቱን ሳህኖች አነሣ። ሲያነሣቸው ጠረጴዛዋ ሰፋች። ሾርባው መጣ።

“ትኩስ ነው” አለ ላየል።

“ትኩስ ነው” አለች ኔሪዳ።

ይኸው ነበር። ያሰበችው ሁሉ፣ ጓሮውም ውሻውም፣ ከጭንቅላቷ ጠፋ። ላየል በቀኙ ካለው ጠረጴዛ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ስለ ትራክተር ሲያወራ ሰማና ሰውነቱ ወደዚያ ዞረ። አፉን ከፈተ፣ ኔሪዳን አየ፣ ዘጋው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እሱን ግን ዝምታው ራሱ ዝንብ ሆኖ ፊቱ ላይ የሚዞረው ይመስል ነበር። ኔሪዳን አሳዘናት፤ ሆኖም አላገዘችውም። ታምወርዝ ላይ ራሰ በራ ሰውዬ የለም።

የበጉ ጥብስ መጣ። ላየል ውጭ የሚጠብቀው ሥራ እንዳለበት ሰው በላ፤ ቆርጦ፣ ጎርሶ፣ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ጨረሰ። ሁለት እጁን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርጎ ሊነሣ ሲል የሚሄድበት እንደሌለ ገባው። ያኔ የሚስቱን ሳህን አየ።

“ምነው፣ አልጣመሽም?”

“ጥሞኛል። እየበላሁ ነው።”

“ገና ምኑንም አልነካሽውም እኮ።”

“እንዲህ ነው የምበላው።”

“ዛሬ ነው?”

“ሁልጊዜ።”

ላየል ሳህኑን አየ፣ እጇን አየ፣ ፊቷን አየ። “ስትበዪ አይቼሽ አላውቅም” አለ። እየቀለደ አልነበረም።

ኔሪዳ ሹካዋን አስቀመጠች። እውነቱን ነው። ስታቀርብ፣ ስትጨምር፣ ዳቦ ስትቆርጥ ቆይታ፣ ሁሉም በልቶ፣ ወንበሩ ተገፍቶ፣ ኮፍያው ከበሩ ጀርባ ተነሥቶ ሲያበቃ ነበር የምትቀመጠው። የቀዘቀዘውን ለብቻዋ ትበላለች። እንደ በደል ቆጥራው አታውቅም፤ ከቀኗ ውስጥ ጸጥ ያለችው ሰዓት እሷ ስለነበረች እንዲያውም ትወዳት ነበር።

“እኔ ስቀመጥ አንተ በረት ደርሰሃል” አለችው።

ላየል ቀልድ ፈለገ፤ አልመጣለትም። እጆቹን ከመደገፊያው ላይ አነሣና ጭኑ ላይ አደረጋቸው።

“ብዪ” አላት። “የትም አልሄድም።”

በላች። ሥጋውን በትንሽ በትንሹ ስትቆርጥ፣ አተሩን ወደ ሳህኑ ዳር ስትገፋ ዝም ብሎ አያት። ጥቂት ቆይቶ አላስችለው አለ።

“አተሩን የማትነኪው ስለምትጠዪው ነው?”

“ስለምወደው ነው። ለመጨረሻ ነው የማስቀረው።”

“አተር ትወጃለሽ?”

“ሳላገባህ በፊት ጀምሮ።”

“በስመ አብ!” አለ ላየል፤ ጮክ ብሎ ኖሮ ራሰ በራው ሰውዬ ዞር አለ። ላየል ግን አላየውም።

አተሩ ካለቀ በኋላ ዋያን መጥቶ ጣፋጭ ያምጣ እንደሆነ ጠየቀ። ላየል በቃኝ አለ። ኔሪዳም እስከ ጉሮሮዋ ጠግባ ነበር። ባሏን አየችው፤ ወደ ኋላ ተደግፎ፣ እጆቹን አጣጥፎ እሷን ይጠብቃል። በትዳራቸው ውስጥ እሱ ተቀምጦ እሷን ሲጠብቅ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

“ለእኔ አምጣልኝ” አለችው ዋያንን። “ትልቁን።”