የሊፍቱ እረፍት

በመሰርሰሪያ ማሽን ዓለት ሲሰረስር የኖረ ሰው ነበርና ጆሮው ደክሟል። ምስጢር ሲያወራ እንኳ ሰፈር ይሰማዋል። ጓደኞቹ «ሹክሹክታ» የሚሉት ለዚህ ነው።

አዲሱ የማዕድን ሠራተኞች ደንብ ሲወጣ ደስታው ልክ አልነበረውም። ጉድጓድ ውስጥ የሚሠራ ሰው በፈረቃው መሃል፣ ደመወዙ ሳይነካ አንድ ሰዓት ያርፋል ይላል ደንቡ።

ኩባንያው ደግሞ ሕግ አክባሪ ነኝ ባይ ነውና ወዲያው ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «ሠራተኛው በሊፍት ሲወርድና ሲወጣ ሥራ ስለማይሠራ፣ ይኸው ጊዜ እረፍት ሆኖ ተቆጥሯል። መልካም እረፍት!»

ሊፍት የተባለው ሰው አንዱ በሌላው ብብት ሥር እየተነፈሰ፣ ውሃ ማጅራቱ ላይ እየተንጠባጠበበት የሚወርድበት የሽቦ ሳጥን ነው።

«እዚያ ውስጥ ማስነጠስ እንኳ በተራ ነው!» አለ ሹክሹክታ ለጓደኛው፣ ቀስ ብሎ የተናገረ መስሎት። ፎቅ ላይ የሥራ አስኪያጁ መስኮት ጓ ብሎ ተዘጋ።

ሠራተኞቹ አቤት አሉ። ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አንዲት ተቆጣጣሪ መጣች። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ነጭ ሄልሜት ደፍቶ፣ «እረፍቱን በዓይንዎ ይዩት» ብሎ ከፈረቃው ሰዎች ጋር ይዟት ገባ።

ሊፍቱ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። መብራቱም ድርግም።

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ቀለደ። ቀጥሎ ሽቦውን ደበደበ። ቆየት ብሎ ክራቫቱን ፈትቶ፣ «አየር! አየር የለም እኮ!» ይል ጀመር።

ሹክሹክታም ፈርቷል፤ ግን ሳቁ ፍርሃቱን ቀደመው። ወደ ጓደኛው ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ዝም በል፣ ጌቶች እያረፉ ነው» አለ።

ድምፁን ጉድጓዱ እስከ ታች አስተጋባው። ከጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ተቆጣጣሪዋ ናት።

«ይሄ ምን እረፍት ነው? ይሄ ሥቃይ ነው!» ጮኸ ሥራ አስኪያጁ።

«እንደዚያ ብዬ ልጻፈው?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«የፈለጉትን ይጻፉ! ብቻ ከዚህ አውጡኝ!»

ሊፍቱ እንደገና ተንቀሳቅሶ ሲወጣ ሁለት ሰው ደግፎት ነው።

በሳምንቱ ሌላ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «ማኔጅመንቱ ለሠራተኛው ካለው ጥልቅ ፍቅር የተነሳ፣ በራሱ ተነሳሽነት የአንድ ሰዓት እረፍት ፈቅዷል።» ጉድጓዱ ውስጥም አግዳሚ ወንበር ገባ፤ መደገፊያው ላይ «የሥራ አስኪያጁ ስጦታ» የሚል ቆርቆሮ ተመቷል።

ጓደኛው ቆርቆሮውን ሲያይ ደሙ ፈላ። «ልንቀለው?»

«ተወው ባክህ» አለ ሹክሹክታ፣ ዋሻው እስኪያስተጋባ። «ስሙን እሱ ይውሰድ፤ ሰዓቱን እኛ እንውሰድ።»

ከዚያም ጋደም ብሎ እጆቹን ደረቱ ላይ አደረገ። መሰርሰሪያ ማሽኑን ከለቀቁ ቆይተዋል፤ ግን አሁንም ይንቀጠቀጣሉ። አደብ የገዙት ሰዓቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው።