ያልፈነዳው ፊኛ

ፀጉር አስተካካዩ ኩላሊት ከተተከለለት ወዲህ ሁለት ነገር አግኝቷል፤ ጤናና የሚንቀጠቀጥ እጅ። ኩላሊቱን የሰጠው ታላቅ ወንድሙ ነው። ሰውነት ግን ወንድም አያውቅም፤ የመጣበትን ሁሉ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋል። ስለዚህ ይህን የመከላከል አቅሙን የሚያለዝብ እንክብል ጠዋትና ማታ ይውጣል። እጁን የሚያንቀጠቅጠውም ይኸው እንክብል ነው።

በመቀስ ሲሆን እንደምንም ያድበሰብሰዋል። ጺም በምላጭ መላጨት ግን የሃያ ዓመት ኩራቱ ነበር፤ አሁን ደንበኛ ላይ ምላጭ ማንሳት ትቷል። ጀማሪ ሳለ እንደተማረው፣ እጁን ለመፈተን ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ፊኛ ይነፋል፣ አረፋ ይቀባዋል፣ ይላጨዋል። በየጠዋቱ ፊኛው እየፈነዳ አረፋው ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ታላቅየውም ከወንድሜ ሌላ ሰው ጺሜን አይነካም ብሎ ምሎ፣ ጺሙ ደረቱ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ፀጉር አስተካካዩ ያንን ጺም ባየ ቁጥር ምላጩን ያነሳና መልሶ ያስቀምጠዋል።

በመጨረሻ ማንንም ሳያማክር የማታውን እንክብል መዝለል ጀመረ። በሳምንቱ ፊኛው ሳይፈነዳ ተላጨ፤ ሰውዬው ብቻውን ጮቤ ረገጠ።

ደስታው አልሰነበተም። ኩላሊቱን የምትከታተለው ሐኪም የደም ምርመራውን አይታ፣ ሰውነቱ ኩላሊቱን መጣላት እንደጀመረ ነገረችው። አፍሮ እውነቱን አወጣ።

«ስለ እጅህ ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችው።

ሆስፒታል አስተኝታ ኩላሊቱን አተረፈችለት። መድኃኒቱንም በቀን አንዴ በሚዋጥ፣ ቀስ እያለ በሚሠራ ዓይነት ለወጠችለት። እንክብል መዝለሉን ታላቅየውም ሰማ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ አግዳሚው በደንበኞች ሞልቶ ሳለ፣ ታላቅየው መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«የዛሬውን ውጠሃል?»

«ውጫለሁ። ግን ወንድም ጋሼ፣ ፊኛው ገና ሦስት ቀን ብቻ ነው ያልፈነዳው።»

ታላቅየው ራሱን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ አንገቱን ሰጠው።

«ኩላሊቴን ሰጥቼህ ጉሮሮዬን ልሰስትብህ? በል ላጨኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ክርኑን ጎኑ ላይ አስደግፎ፣ እጁ እስኪረጋ እየጠበቀ፣ ጉንጩን ጨርሶ ወደ ጉሮሮው ወረደ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ምላጩን ይከተላሉ። በመጨረሻ ነጩን ፎጣ ሲያነሳ አንዲት ጠብታ ደም አልነበረበትም። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ምላጩ ግን እጁ ላይ ቀጥ እንዳለ ነበር።

ታላቅየው አገጩን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ከዚያም ወደ አግዳሚው ዞሮ፣

«ተረኛ» አለ።

ሁሉም በአንዴ ብድግ አሉ።