የገብረየስ ወደብ

አውቶቡሱ ሲቆም ገብረየስ ከሁሉ ቀድሞ ወረደና ዙሪያውን ቃኘ። ሣር አለ፤ ዛፍ አለ፤ ጥቂት ያረጁ ቤቶች አሉ። ውሃ ግን የለም።

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ሐበሾች ማኅበር የሰመር ሽርሽር አዘጋጅ በየዓመቱ ይፈራረቃል፤ አንዴ የአሌክሳንድሪያ ሰፈር ሰዎች፣ አንዴ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰፈር ሰዎች ያዘጋጃሉ። አምና የአሌክሳንድሪያዋ እታለማሁ ሁሉንም ሰፈሯ ወንዝ ዳር ወስዳ በጀልባ አንሸራሸረች። የሲልቨር ስፕሪንጉ ገብረየስ በቅናት በገነ። «ከእናንተ የበለጠ ወደብ ካላሳየሁ ሽርሽሩ ለዘለዓለም የአሌክሳንድሪያ ይሁን!» ብሎ በሰው ፊት ፎከረ። ካርታ ላይ ፖርት ቶባኮ የሚል ስም አገኘ፤ ፖርት ማለት ወደብ ነው፣ ወደብ ከተባለ መርከብ አይጠፋም ብሎ፣ ሄዶ እንኳ ሳያይ ባስ ተከራየ።

እታለማሁ የዋና ልብሷን በቀሚሷ ሥር ለብሳ ወረደች።

«ገብሬ፣ ወደቡን ቤት ረስተኸው መጣህ እንዴ?»

«ቆይ እንጂ፣ ወደ ታች ነው» አላት ላቡን እየጠረገ።

ወደ ታች ቢወርዱ ሜዳ ነው። ነርሷ ልጁ ትህትና ስልኳን አየችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ዳዲ፣ ወደቡ ኢትስ ክሎዝድ! ተዘግቷል፤ ያውም ድሮ፣ ድሮ!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። በእንግሊዞች ዘመን መርከቦች እዚህ ድረስ እየመጡ፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች ያመረቱትን ትምባሆ ይጭኑ ነበር፤ ከተማዋም ደራች። ለትምባሆው ሲባል ደኑ ተመነጠረ፤ ዝናቡም አፈሩን እየጠረገ ወንዙ ውስጥ ከተተው። ወንዙ በደለል ሲሞላ መርከቡ ቀረ፤ ባቡሩም በሌላ በኩል አለፈ። ሰዉም ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ።

ገብረየስ ተራው እንዳለቀለት ገባው። ድንገት ግን የማኅበሩ ደንብ ትዝ አለው፤ ሽርሽሩ አንዴ በሽማግሌ ከተመረቀ በኋላ አዘጋጁን መውቀስ ነውር ነው። ወደ አዛውንቱ ጋሽ አበጀ ሮጠ።

«ጋሽ አበጀ፣ ቶሎ ይመርቁልኝ!»

«ገና ሳንበላ?»

«አባቴ፣ እስክንበላማ እኔን ይበሉኛል!»

ጋሽ አበጀ ነገሩ ገብቷቸው በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ላፈርከው ለአንተ ባሕሩን ይመልስልህ!»

«አሜን!» አለ ሰዉ። ከሁሉም የእታለማሁ አሜን በለጠ፤ በሳቅ እንባዋ ወርዷል።

ምሳው ሳይጋመስ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠቁር የዋለው ሰማይ ወረደ። ያን አፈር ጠርጎ ወንዝ የከተተው ዓይነት የሐምሌ ዝናብ ነው። ሰዉ ምግቡን ይዞ ወደ ባሱ ሲሯሯጥ ሜዳው በውሃ እየተሞላ ሄዶ ከቁርጭምጭሚት አለፈ። እታለማሁ ቀሚሷን ወርውራ በዋና ልብሷ ዘላ ገባች።

«መርከቡስ ገብሬ? መርከቡስ?»

ገብረየስ የለስላሳውን ማቀዝቀዣ ሣጥን፣ ትልቁን ኩለር ገልብጦ አራገፈና ውሃው ላይ ለቀቀው። ድፎ ዳቦውን በሳፋ አድርጎ ጫነበት። ኩለሩ እየተወዛወዘ እስከ እታለማሁ ጉልበት ደረሰ፤ እሷም እጇን ዘርግታ ጭነቱን ተረከበች።

«በል፣ ተራህን አልነካብህም» አለችው ዳቦውን እየገመጠች። «የኛ ወደብ ዳቦ አያራግፍም!»

ጋሽ አበጀ ከባሱ መስኮት አንገታቸውን አወጡ። «አሁን ደግሞ ዝናቡን ያቁምልን ብዬ ልመርቅ?»

«ኧረ ይቆዩ ጋሽዬ!» አለ ገብረየስ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ እየጠቀለለ፤ «መርከቡ ገና መድረሱ ነው!»